ሳይከፈት ያለፈው ከረጢት

ኪናንቲ ፍንዳታውን የሰማችው የጂኦግራፊ ፈተና ላይ ሆና ነው። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ከጣሪያው ላይ ትንሽ አቧራ ወረደ። መምህሩ ቀና ብለው ወደ ውጭ አዩና «ድንጋይ እያፈረሱ ነው፤ ወረቀታችሁ ላይ አተኩሩ» አሉ። የሲሚንቶ ፋብሪካው የኖራ ድንጋዩን በፈንጂ ስለሚያፈርስ እንዲህ ያለ ድምፅ ለአካባቢው ልጆች ብርቅ አይደለም። የድንጋዩ ፍንዳታ ግን ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ ነው፤ አስቀድሞም ጡሩምባ ይነፋል። ይኸኛው በጠዋት፣ ያለ ጡሩምባ፣ ከሩዝ ማሳው ማዶ ነው የመጣው።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሬትኖ መጻፏን አቆመች። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሌሎቹ ልጆች አንገታቸውን እያስረዘሙ ወደ መስኮቱ ሲያዩ እሷ ዞር እንኳ አላለችም።

ጥቁር ጭስ ከማሳው በላይ ቀስ እያለ ወጣ። ኪናንቲ ከየት እንደሚወጣ አወቀች። ከመለያው ነው። የከተማው ቆሻሻ በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ወደዚያ ነው፤ እዚያ ይደርቃል፣ ይለያል፣ በትልቅ መክተፊያ ይከተፍና ፍርፋሪው በድንጋይ ከሰል ፈንታ በሲሚንቶ ምድጃው ውስጥ ይነዳል። የትምህርት ቤቱ ደረቅ ቆሻሻም በሰማያዊ ከረጢት እየታሰረ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

ኪናንቲ የቀረውን ፈተና እንዴት እንደሠራችው አላስታወሰችም። ስታስብ የነበረው ስለ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ የስካውት ቡድኑ ወንዙ ዳር ድንኳን ተክሎ ውሎ ነበር። ምሳ የበሰለው በትንንሽ የጋዝ ምድጃዎች ሲሆን፣ ሲመለሱ አንዳንዶቹ ጣሳዎች ውስጥ ጋዙ አላለቀም ነበር። ልጆቹ በአክብሮት ‹ቡ› የሚሏቸው የቡድኑ ኃላፊ መምህርት፣ ቡ ፕራቲዊ፣ ጣሳዎቹን በፌስታል ሰብስበው ለኪናንቲና ለሬትኖ ሰጧቸው። «እነዚህ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር እንዳይቀላቀሉ። ብረት ቤቱ አድርሷቸው» አሉ። ብረት ቤቱ ባትሪ፣ አምፖልና የጋዝ ጣሳ የሚቀመጥበት የሽቦ ክፍል ነው፤ ያለውም ከአሮጌው የቆሻሻ ኮረብታ ግርጌ ነው። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ኪናንቲ የራሰውን ድንኳን ለመጠቅለል ስትታገል ሬትኖ «ተይው፣ እኔ አደርሰዋለሁ» ብላ ፌስታሉን ይዛ ሄደች።

ቶሎ ተመለሰች። በጣም ቶሎ። ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ ከመታጠፊያው ወዲያ ቀይ ጭቃ ነው፤ የሬትኖ ጫማ ላይ ግን አንድ የጭቃ ጠብታ አልነበረም። ኪናንቲ ይህን አይታለች። ቡ ፕራቲዊ «አደረሳችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ግን፣ ሬትኖ አፏን ሳትከፍት፣ «አዎ፣ አድርሰናል» ያለችው ኪናንቲ ነበረች።

*

አባቷ ከፋብሪካው ሲመለስ ቅንድቡ እንደ ወትሮው በሲሚንቶ አቧራ ነጥቶ ነበር። ሳይታጠብ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እናቷ የምትጠብሰውን የአኩሪ አተር ቴምፔ በሳህን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ያትሚ ናት» አለ አባቷ።

ያትሚን የማያውቅ ልጅ የለም። መለያው በር ላይ ከረጢቶቹን የምትቀበለው እሷ ናት። የትምህርት ቤቱን ልጆች ባየች ቁጥር «ሙሽሮቼ መጡልኝ» እያለች ትስቅባቸዋለች፤ ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ይሰማል። ልጆቹም ታላቅ እህታቸው ይመስል «ምባክ ያትሚ» ይሏታል። ያገባችው አምና ነው።

«ምን ሆነች?» አለች እናቷ።

«መክተፊያው ውስጥ የጋዝ ጣሳ ገብቶ ፈነዳ። እሳቱ ከፍርፋሪው ጋር ተያያዘ። እሷ አጠገቡ ነበረች። ሁለቱም እጆቿ ተቃጥለዋል፤ ጉንጯም።»

እናቷ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ዋጊማንን ቤቱ ሰደዱት» አለ አባቷ። «ምርመራው እስኪያልቅ ነው ይላሉ። መባረር ማለት ነው እንግዲህ። ቆሻሻውን ወደ መክተፊያው የሚወስደው ቀበቶ ጫፍ ላይ ቆሞ ብረት የሚለቅመው እሱ ነዋ። ‹አንድ ከረጢት ሳልከፍት አሳልፌያለሁ› ብሎ ራሱ አምኗል። የማን ከረጢት እንደሆነ ግን አልናገርም አለ።»

«እሱ ሽማግሌ ድሮም ፊቱ እንደ ጥሬ ማንጎ ነው» አለች እናቷ፤ ነገር ግን በክፋት አልነበረም።

«ፊቱን ተይው። መለያው ተዘግቷል። ዛሬ ምድጃውን ያነደድነው በከሰል ብቻ ነው። እሱስ ይሁን። የከተማው ቆሻሻ ግን ወዴት ይሄዳል? ካልተከፈተ ተመልሶ ወደ ኮረብታው ነው።»

ኮረብታው ሲነሳ እናቷ ፊቷን አዞረች። ኪናንቲ አንደኛ ክፍል ሳለች ነው። ስንት ዘመን ሲከመር የኖረው የከተማው ቆሻሻ ሳምንት ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ አንድ ጠዋት ተናደ፤ ከግርጌው ያሉትን የለቃሚዎች ቤቶችም ቀበረ። የሬትኖ እናት ያንን ቀን ከነሙሉ ቅርጫቷ እዚያ ነበረች። አልተገኘችም። ከዚያ ወዲህ ነው መለያው የተሠራው። አሁን ደግሞ ኮረብታውን ራሱን ከላይ ወደ ታች እየቆፈሩት ነው፤ የበሰበሰው ፕላስቲክና ጨርቅ ይነፋል፣ ይደርቃል፣ ወደ ምድጃው ይገባል። አመዱ እንኳ አይወጣም፤ ከድንጋዩ ጋር ቀልጦ ሲሚንቶ ይሆናል። አባቷ ይህን ሲናገር ሁልጊዜ ኩራት ይሰማዋል።

ኪናንቲ ራት አልበላችም።

*

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሁለቱ በቦዩ ዳር ጎን ለጎን ብስክሌታቸውን እየገፉ ሄዱ። ሬትኖ ስለ ፈተናው፣ ስለ ሒሳብ መምህሩ አዲስ ሞተር ብስክሌት፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራች። ኪናንቲ ጠበቀች፤ መጨረሻ ላይ አላስቻላትም።

«ሬትኖ፣ ጣሳዎቹን የት አደረግሻቸው?»

«የቶቹን?»

«አትሸውጂኝ ባክሽ።»

«ብረት ቤቱ ነዋ። ምን ነካሽ ዛሬ?» ሬትኖ ሳቅ ለማለት ሞከረች። «በየቤቱ እኮ የጋዝ ጣሳ አለ። የሆቴሉ፣ የገበያው፣ የሁሉም ቆሻሻ ነው እዚያ የሚገባው። የኛ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ኪናንቲ ልታምናት ፈለገች። ደግሞም ሊሆን ይችላል። ጥቂት እርምጃ ሄዱ፤ ቦዩ ውስጥ ዳክዬዎች ጭቃውን ያማስላሉ።

«ጫማሽ ንጹህ ነበር» አለች ኪናንቲ።

ሬትኖ ቆመች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ መጀመሪያ ፈራች፣ ቀጥሎ ተናደደች።

«አይተሻል ማለት ነው?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልጠየቅሽኝም? ‹አድርሰናል› ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ። እኔ ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬ ሰው ሲቃጠል ጨዋ ልትሆኝብኝ ነው?»

ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ሄደች። ኪናንቲ አልተከተለቻትም። የተባለው እውነት ነበር።

*

ከሁለት ቀን በኋላ እናቷ ሩዝና የኮኮናት ወጥ በሳህን አድርጋ በጨርቅ አሰረችላትና «ለፓክ ዋጊማን አድርሺ። ሰውየው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው» አለቻት። ኪናንቲ ሌላ ሰው እንዲላክ ልትለምን ነበር። ምክንያት ግን አልነበራትም።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለርግባቸው አዲስ የቀርከሃ ጎጆ ይሠራሉ። ሰላምታዋን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«የሱገንግ ልጅ አይደለሽም? አጥሬ ላይ እየወጣችሁ ጉዋቫዬን የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ።»

«እኔ ወጥቼ አላውቅም፣ ፓክ» አለች፣ ትልቅ ሰው በሚከበርበት አጠራር።

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው። ዛፉ ግን ባዶውን ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሳህኑን ከፍተው አሸተቱና «እናትሽ ቃሪያ አትቆጥብም» አሉ፤ በእሳቸው ቤት ይህ ምስጋና ነው። መብላት ጀመሩ። ኪናንቲ መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም።

«ፓክ ዋጊማን፣ ከረጢቱን ለምንድን ነው ያልከፈቱት?»

መብላታቸውን አቆሙ። እንደሚቆጧት ገምታ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ሰማያዊ ስለነበር» አሉ። «የገበያውን እዘረግፈዋለሁ፣ የሆቴሉን እዘረግፈዋለሁ። የናንተን ግን አልከፍትም። ልጆች ናችሁ ስል ከትልልቆቹ የተሻላችሁ ሆናችሁ፤ አንድ ስባሪ ጠርሙስ አግኝቼበት አላውቅም። ደግሞ ያን ቀን የኮረብታው ጭነት ከኋላ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዓይኔን ለእሱ ላቆይለት ብዬ የናንተን አሳለፍኩት።»

«ለኮረብታው ጭነት ዓይን ምን ይሠራል? አሮጌ ቆሻሻ አይደለም?»

ሽማግሌው እጃቸውን ታጠቡ። በጨርቅ ጠረጉ። መልሱን የሚያዘገዩት ይመስል ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አደረቁ።

«ልጄ እዚያ ነው» አሉ። «ሱጂዎ ይባል ነበር። የተገኙት ተገኙ፤ እሱ አልተገኘም። መቆፈር ሲጀምሩ ለመለያው ኃላፊ ለሃርቶዮ ‹ቀበቶው ጫፍ ላይ አቁመኝ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅህም› አልኩት። የኮረብታው ጭነት ሲመጣ ቀበቶውን ቀስ አደርገዋለሁ። ማበጠሪያ አገኛለሁ፣ ነጠላ ጫማ አገኛለሁ። መቁጠሪያ አግኝቼ ለባለቤቱ እህት ሰጥቻለሁ። አንዴ አጥንት አገኘሁ። ኢማሙን ጠራንና በነጭ ጨርቅ ገንዘን ቀበርነው። ማን እንደሆነ አላወቅንም። ሰው መሆኑን ግን አወቅን።»

ርግቧ በአሮጌው ጎጆ ውስጥ ተንቀሳቀሰች።

«አሁን እዚያ ማን ይቆማል?» አለች ኪናንቲ።

«ሲከፈት ወጣቶቹን ያቆማሉ። ጎበዞች ናቸው፣ እጃቸው ይፈጥናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ መፍጠናቸው ነው።»

«ለፓክ ሃርቶዮ የትምህርት ቤቱ ከረጢት መሆኑን ለምን አይነግሯቸውም?»

«ምን ብዬ? ‹ያትሚን ልጆች አቃጠሏት› ልበል? ጣሳውን ማን እንደጨመረው አላየሁም። ያልከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የማውቀው ይሄን ነው። የማላውቀውን አልናገርም።»

ኪናንቲ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሬትኖ ፊት ታያትና ተመልሶ ወደ ሆዷ ወረደ። ባዶውን ሳህን ይዛ ተነሳች።

*

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሬትኖ ከአክስቷ ጋር የምትኖርበት ቤት ጓሮ ገባች። ሬትኖ ውኃ መቅጃው ጋ ቁጢጥ ብላ ልብስ ታጥባለች። አየቻትና ማሸቷን ቀጠለች።

«ልትነግሪ ከሆነ ሂጂ ንገሪ። እኔን ምን አመጣሽ?»

«ፓክ ዋጊማን ጋ ነበርኩ።»

«ነገርሽው?»

«አልነገርኩም። ሬትኖ፣ ለምንድን ነው ያላደረስሽው? ዝናቡ ነው? ሰንፈሽ ነው? ብቻ ንገሪኝ።»

ሬትኖ የያዘችውን ሸሚዝ ሳፋው ውስጥ ለቀቀችው። አረፋው እስከ ክርኗ ደርሷል።

«እስከ መታጠፊያው ሄጃለሁ» አለች። «ከዚያ ኮረብታው ይታያል። ቅዳሜ አይሠሩም ብዬ ነበር፤ ይሠሩ ነበር። መቆፈሪያ ማሽኑ እጁን ዘቀዘቀና ጭቃና ጨርቅ ይዞ ወጣ። ጨርቁ ተንጠልጥሎ ነበር። አበባ ያለው ጨርቅ። ከዚያ በኋላ እግሬ እምቢ አለኝ። ተመልሼ ፌስታሉን የትምህርት ቤቱ ሰማያዊ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።»

ኪናንቲ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ‹እናቴን በማሽን ሲያወጧት እንዳላይ ፈርቼ ነው› ልበልሽ? አባትሽ ምድጃው ውስጥ ምንም አይተርፍም፣ አመዱም ሲሚንቶ ይሆናል ይላል። ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። እኔ አዲሱ የሲሚንቶ መንገድ ላይ ስረግጥ ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ?»

ኪናንቲ አታውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያው መንገድ አብረው ሲሄዱ አንድ ቀን አስባው አታውቅም። የጓደኛዋን እጅ መያዝ ፈለገች፤ እጇ አረፋ ውስጥ ነበር። እንደዚያው ያዘችው።

«እሱ ያያል» አለች። «ፓክ ዋጊማን። የኮረብታው ጭነት ሲመጣ ቀበቶውን ቀስ አድርጎ ያያል። ልጁ እዚያ ነው። አጥንት አግኝቶ አስቀብሯል።»

ሬትኖ ቀና አለች። «ያ ነጭናጫ ሽማግሌ?»

«እሱ።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ለኔም ማንም አልነገረኝም። ዛሬ ነው የሰማሁት።»

አክስቷ ከውስጥ «ልብሱ አላለቀም እንዴ?» ብላ ተጣራች።

«አሁንስ ማን ነው የሚያየው?» አለች ሬትኖ።

«ማንም።»

ከተነሱ በኋላ ኪናንቲ «እኔ ነገ ለቡ ፕራቲዊ እነግራለሁ» አለች። «‹አድርሰናል› ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን እነግራቸዋለሁ። ያንቺን ስም አልጠራም።»

«ጣሳውን ማን ወሰደው ሲሉሽስ?»

«እንጃ።»

«ውሸት አትችይም አንቺ» አለች ሬትኖ። «ቅዳሜ አንድ ቀን ብትሞክሪ ይኸው።» ቀልድ መሆኑ ነበር፤ ሁለቱም አልሳቁም።

*

በማግስቱ ሬትኖ ከኪናንቲ ቀድማ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ተገኘች። የተናገረችውም እሷ ናት። ቡ ፕራቲዊ እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ሄጄ ማየት ነበረብኝ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ሦስቱም በእግራቸው ወደ መለያው ሄዱ። ኃላፊው ፓክ ሃርቶዮ አልጮኹም። የተቃጠለውን መክተፊያ አሳዩዋቸው፣ የቀለጠውን ላስቲክ፣ የያትሚን አንድ ጓንት። ጓንቱን ማንም ከመሬት አላነሳውም ነበር።

ሁለቱ ከስካውት ታገዱ። ወሬው በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። አንዳንድ ወላጆች «ትምህርት ቤቱን አዋረዱት» አሉ፤ የምድጃውን ጭስ ድሮም የማይወዱት ደግሞ «ብለን ነበር» አሉ። የኪናንቲ አባት ለቀናት አላነጋገራትም። አንድ ምሽት ግን ራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለ ኮረብታው አመድ ከእንግዲህ ሬትኖ ባለችበት እንደማያወራ ተናገረ።

መለያው ተጠግኖ ሲከፈት ፓክ ዋጊማን ወደ ቀበቶው ጫፍ ተመለሱ። ለሁለቱ ልጆች አመሰግናለሁም፣ ጥፋታችሁ ነውም አላሉም። ትምህርት ቤቱ ከረጢቶቹን ሲያመጣ ግን የሰማያዊዎቹን አፍ እየፈቱ፣ አንድ በአንድ፣ ልጆቹ ዓይን ስር ዘረገፏቸው። ወረቀት፣ የብስኩት ላስቲክ፣ የተሰበረ ማስመሪያ። ኪናንቲን እንደዚያ ቀን ያሳፈራት ነገር የለም። ሽማግሌው የመጨረሻውን ከረጢት አራግፈው «ሂዱ» አሉ።

ያትሚ ከሆስፒታል የወጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ቤቷ ከገበያው ጀርባ፣ ከመስጊዱ ቀጥሎ ነው። እንዲጠይቋት ያዘዛቸው የለም። ቡ ፕራቲዊ በትምህርት ቤቱ ስም ሄደው ፍራፍሬ ሰጥተዋል። ነገሩ በዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሬትኖ ብስክሌቷን ወደ ገበያው መንገድ አዞረች። ኪናንቲ ወዴት እንደሆነ ሳትጠይቅ ተከተለቻት።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ።

«ምን እንላታለን?» አለች ኪናንቲ።

«የሆነውን።»

«ብታስወጣንስ?»

«እንወጣለን።»

ጫማቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ጎን ለጎን አደረጉት። ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ኪናንቲ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ቤቶች» አለች።

ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። «ማነው?» አለች ያትሚ። ድምፁ የእሷ ነው፤ ቀጭን ሆኗል እንጂ።

«እኛ ነን፣ ምባክ ያትሚ» አለች ሬትኖ። «ጣሳውን የጨመርነው ልጆች ነን።»

ከውስጥ መልስ አልመጣም። በሩም አልተከፈተም። ሁለቱ ባዶ እግራቸውን ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁ።